ኢድሪስ የጠቆመው ወንዝ

ያለፈው ክረምት እንደወጣ፣ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ የሚሄደውን የመኪና መንገድ ሊያሰፉ ነው ተብሎ ሰዎች መጡና ደጄ ላይ ሦስት እግር ያለውን መነጽራቸውን ተከሉ። ከእነሱ አንዱ፣ ካኪ የለበሰ ጎልማሳ፣ አዲስ የአቡጀዴ ጣቃ ፈትቶ በየችካሉ ጫፍ የሚታሰር ጨርቅ ይቀድዳል። ያ ገና ውሃ ያልነካው ጨርቅ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ አጥሩን ይዤ ቆምኩ። ሰውየው ጨዋ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝና፣ ከቤቴ ጀርባ ያለችው ወንዝ በክረምት እስከ የት እንደምትሞላ ጠየቀኝ። ያረጀሁት ከዚያች ወንዝ ውሃ ስቀዳ ነው። አላውቅም አልኩት። ስሟንስ ቢለኝ፣ ስም የላትም አልኩት። የጎረቤት ልጆች ሰምተው እስኪበቃቸው ሳቁብኝ፤ አሮጊቷ ጃጀች ተባለ። አልፈርድባቸውም። ሦስት እግር ያለው ነገር ተክሎ የወንዝ ስም ለሚጠይቅ ሰው የመለሰ አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ባሌ ነበር።

ያኔ አሶሳ ከተማ አልነበረችም። ዛሬ ሻይ ቤቱና የሰሊጥ መጋዘኑ ያለበት ቦታ ላይ አንድ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ገበያው የሚቆመው እሱ ስር ነው። ከዋርካው ወደ ኮረብታው የምትወጣው ቀጭን መንገድ እዚያ የሰፈሩት የደጋ ወታደሮች ናት፣ ወደ ቀርከሃው ጫካ የምትወርደው የእኛ። ከደጋ አሞሌ ጨው ይመጣል፣ ከቆላ ሰማያዊ ጨርቅ፤ ከእኛ ደግሞ ማርና በአሞራ ላባ አገዳ ውስጥ የተሞላ የወርቅ አሸዋ። አንድ ማሰሮ ማር ሰጥቼ አንድ መርፌ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ሴቶቹ ሁሉ እንዳተረፍኩ ነው የነገሩኝ። ብር የምንላት ያቺ የሴትዮ ምስል ያለባት ትልቋ ብር ናት። ነጋዴው ይነክሳታል፣ ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፅዋን ይሰማል፣ የሴትዮዋን ጌጥ በጥፍሩ እየዳበሰ ፍሬው መጉደል አለመጉደሉን ያያል። ብሩን የሰጠው ወንድሙም ቢሆን እንደዚያው ያደርጋል፤ ወንድሙም አይቀየምም። ማሽላው ሲደርስ ብቻ ዋዛው ይነፋል። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ አንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ነው። በዚያ ዘመን ሰው ሰውን አምኖ ሲያደርግ ያየሁት ነገር እሱ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም።

መጠራጠሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በልጅነቴ ድርቡሽ ከቆላ ወጣ፤ አባታችንን ያጣነው ያኔ ነው። ቀጥሎ የደጋው ጦር ወረደ፣ የአገራችን ገዥ ሸኩ ገበረ፣ ወርቅ በየዓመቱ ወደ ላይ ይላካል ተባለ። ከድርቡሹም ሆነ ከጦሩ ኋላ ግን ባሪያ ፈንጋይ አይጠፋም ነበር። ማታ አብሮን የበላ ልጅ ጠዋት አይገኝም። ስለዚህ እናቴ ያስተማረችን ነገር፣ ስንት ልጅ አላችሁ ሲሏችሁ ቀንሳችሁ ንገሩ፣ ወርቅ የት ታጥባላችሁ ሲሏችሁ ወደ ሌላ ወንዝ አመልክቱ፣ ወዴት ነው የምትሄዱት ሲሏችሁ የመጣችሁበትን ንገሩ የሚል ነበር። አሁን ያሉት ልጆች ፊደል እንደሚቆጥሩት እኛ እሱን ቆጠርን።

ከእናታችን በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ዘይነብን የያዘን ታላቅ ወንድማችን ሐሚድ ነው። እጁ ለጋስ ነበር፤ ዓይኑ ግን አርፎ አያውቅም፣ ሰላም ያለውን ሰው እንኳ ለምን ሰላም እንዳለው ሲያብሰለስል ይውላል። ዘይነብን በስተምዕራብ፣ ማለዳ የተነሳ ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ ከሚደርስበት መንደር ለሚኖር ገበሬ ዳራት። እኔን ለኢድሪስ የሰጠኝ ግን እየከነከነው ነው። ኢድሪስ ማር ይዞ ወደ ቆላ የሚወርድ፣ ጨርቅ ይዞ የሚመለስ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ወንዙን ሁሉ፣ መሻገሪያውን ሁሉ ያውቃል። ሐሚድ፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ብዙ ጌታ ያውቃል ይል ነበር። እኔ ግን ወደድኩት። ዝም ሲል የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር።

ከኮረብታው ስር ካለችው ቤት የአንድ ወታደር ሚስት ትኖር ነበር፤ እትዬ አስካለ። ይህን የምናገረውን አማርኛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። መጀመሪያ ላይ እሷን "አንተ መጣ?" እላት ነበር፤ ሆዷን ይዛ ትስቅና "አንቺ መጣሽ ነው እንጂ" ትለኛለች። ባሚያ እወስድላታለሁ፣ ጨው ትሰጠኛለች። ሥጋዋን አልበላም፣ ሥጋዬን አትበላም። ልጇን ሳቅፍላት ዓይኔን ታያለች፤ እሷ ገንፎዬን ስታይብኝ እኔም ክዳኑን መለስ አደርጋለሁ። እንዲያም ሆኖ እንዋደድ ነበር። "ሰው ማመን ቀብሮ ነው" የሚለውን የደጋ ተረት ከእሷ ሰማሁ፤ በእኛ ቋንቋ ባይኖርም ሳይተረጎምልኝ ገባኝ።

አንድ በጋ ፈረንጅ መጣ። ፊቱ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ሦስት እግር ያለውን መነጽር እየተከለ በአንድ ዓይኑ የሚያይ ሰው ነው። ከደጋው መንግሥትና ከቆላው መንግሥት መሃል ድንበር ሊያበጅ ነው ተባለ። እኛ የማሳ ድንበር እናውቃለን፤ የአገር ድንበር ምን እንደሚመስል ግን ያየ ሰው አልነበረም። አንዱ፣ በመነጽሩ መሬት ውስጥ ያለውን ወርቅ ያያል አለ። ሌላው፣ ያየውን መንደር ለገዥ ይጽፈዋል አለ። ወንዝ የሚያውቅ መሪ ያስፈልጋል ሲባል ከኮረብታው ወታደር ወረደና ኢድሪስን ጠራው። እምቢ ማለት አይቻልም ነበር፤ ሰዉ ግን እምቢ ማለት የሚቻል ይመስል ተቀየመው። ሊሄድ ሲል ዘይነብ ከድንበሩ ወዲያ ቀርታ እንዳትለየኝ ብዬ አለቀስኩበት። ወንዞቹን የሠራው አላህ ነው አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ሰማዩ ለዝናብ ሲጠቁር ተመለሰ። ለድካሙ ብለው አንድ ጣቃ አቡጀዴ ሰጥተውታል። ጨርቁን ቤት ውስጥ ሲፈታው ሽታው ጎጆውን ሞላው። በሕይወቴ ማንም ሳይለብሰው የኔ የሆነ ልብስ አልነበረኝም፤ እየሸተትኩ አሰፋሁት፣ እየሸተትኩ ለበስኩት። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ጫፉን ይዳብሱና እጃቸውን ቶሎ ይሰበስባሉ። አንዷ ከኋላዬ፣ የመሬቱን ዋጋ ለበሰች አለች። ኢድሪስን ስለሄደበት ብጠይቀው የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘይነብ ከድንበሩ ወዲህ፣ ከእኛ ወገን ናት፣ ይህን ለማንም አትናገሪ አለኝ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለምን እንደማልናገር አልጠየቅኩም፤ በዚያ ዘመን አለመናገር ምክንያት አይፈልግም።

ክረምቱ አልፎ ሌላ በጋ ሲገባ ግብር ሰብሳቢዎቹ ወደ ዘይነብ መንደር ወረዱ። ያ መንደር ድሮ የማን እንደሆነ ስላልታወቀ ሁለቱም ወገን ይተወው ነበር፤ አሁን የወዲህ ሆነ። የሰብሳቢዎቹን ዱካ ተከትለው ፈንጋዮቹ ገቡ። የዘይነብ የመጀመሪያ ልጅ ሩቂያ ውሃ ልትቀዳ እንደወረደች ቀረች። ከድንበሩ ማዶ ያሉት ግን አልተነኩም፤ የዚያኛው መንግሥት ሰው መሸጥ ከልክሏል ይባል ነበር። ይህን ወሬ ሐሚድ ሲነግረን ኢድሪስ ገንፎ ቀርቦለት ነበር። እጁን ሳይሰድ ተነስቶ ወጣ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰው መጥፋት ጀመረ፤ ኢድሪስም መጥፋት ጀመረ። ማር ልቆርጥ ነው ብሎ ይሄዳል፣ ማር ሳይዝ ይመለሳል። የልብሱ ጫፍ ጭቃ አለበት፣ ጠረኑ የኔ ምድጃ ጭስ አይደለም። እኔ ሌላ ሚስት አግብቷል አልኩ። ቢያገባ ሃይማኖቱ አይከለክለውም፤ መደበቁ ግን አቃጠለኝ። ሐሚድ ያሰበው ከኔ የከፋ ነው። በዘይነብ መንደር በኩል ቤቶች ባዶ እየሆኑ እንደሆነ፣ ቤቶቹ ባዶ የሚሆኑትም ኢድሪስ በሚጠፋባቸው ሰሞን እንደሆነ አስተዋለ። አንድ ጠዋት ማሽላ ስፈጭ መጥቶ ከወፍጮው አጠገብ ቁጢጥ አለ።

"የዘይነብ ቤት ባዶ ነው" አለኝ። "እሳቱ ሳይጠፋ ነው የሄዱት። ባልሽ ትናንት የት ነበር?"

ማሽላውን መፍጨት ቀጠልኩ። እሱ ያሰበው እኔም ጋ መጣ፤ ተመልሶ አልወጣም። ኢድሪስ ሰው እየነዳ ይሸጣል። እህቴን ሸጣት። ያን ቀን ኢድሪስ ሲገባ ውሃ ሰጠሁት፣ እግሩን አጠብኩት፣ ፊቱን ግን ማየት አልቻልኩም። እሱም አላየኝም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ምንጣፍ ላይ ሆነው እንደዚያ ሊራራቁ እንደሚችሉ አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ወደ እትዬ አስካለ ሄድኩ፤ ስለ ባሌ ግን አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጥጥ ስትፈትል አየኋት፣ እሷም ፊቴን አየች፣ ምን ሆነሻል አለችኝ። ሆዴን ነው አልኩ።

ሐሚድ ዝም አላለም። አንድ ዓርብ ከስግደት በኋላ ሽማግሌዎቹ ከመስጊዱ ውጭ፣ ከዛፉ ስር ተቀመጡ፤ ኢድሪስ በቁርዓን እንዲምል ተጠየቀ። እኛ ሴቶቹ ከአጥሩ ወዲያ ሆነን እንሰማለን። ኢድሪስ ተነስቶ ቆመ።

"እምላለሁ" አለ። "ከኔ በኋላ ግን እያንዳንዳችሁ ትምላላችሁ። ስለ ጎረቤቱ ለወታደርም ለነጋዴም ተናግሮ የማያውቅ ሰው ይምጣና እጁን ከኔ እጅ አጠገብ ያኑር።"

ማንም አልተነሳም። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ አንዱ ጫማውን ፈለገ። ሐሚድ ሊምል ብድግ አለ፤ ከዚያ ሌሎቹን አየና ተመልሶ ተቀመጠ። ይህን ከአጥሩ ቀዳዳ በዓይኔ አየሁ፣ ለምን እንደተቀመጠም እስከ መጨረሻው አልጠየቅኩትም። ኢማሙ መጽሐፉን በጨርቁ ጠቀለለና ወደ ውስጥ ገባ። ሰዉ ሲበተን አንዱ አንዱን ከኋላው አላስከተለም፤ ሁሉም ጀርባውን እየጠበቀ ነው የወጣው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ኢድሪስ ጎህ ሲቀድ ማር ልቆርጥ ነው ብሎ ወጣ። ውሃ በቅል ያዝኩና ተከተልኩት። በቀርከሃው ውስጥ፣ ከዚያም በሳሩ ውስጥ፣ አንዴ ብቻ ዞር ብሎ አየ፤ ወደቅኩና ሳልንቀሳቀስ ተኛሁ። ለሽማግሌዎቹ ላጋልጠው ይሁን ከእነሱ ላድነው ሳላውቅ ነው የሄድኩት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከአንድ ወንዝ ዳር ደረሰ። ከቁጥቋጦው ውስጥ ሰዎች ወጡ፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ አንድ ሽማግሌ። የታሰረ ሰው አልነበረም። ኢድሪስ ልብሱን ሰብስቦ ሽማግሌውን አዘለና ውሃው ውስጥ ገባ። ማዶ ላይ ሴቶች እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። አንዷ ዘይነብ ነበረች።

ስሟን ጠርቼ ሮጥኩ። ወንዙ መሃል ላይ ተገናኘን፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስለ ሩቂያ አለቀሰች። ባልሽ ነው ያሻገረን አለችኝ። ኢድሪስ ሽማግሌውን አድርሶ ሲመለስ አየኝ።

"ማን አይቶሻል?" አለ። ከየት መጣሽ አላለም፣ ደከመሽ አላለም።

"ማንም" አልኩት።

ከድንጋይ ላይ ተቀመጥን፤ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በዚያ አገር ሁለት ወንዞች አሉ፤ ዝናብ ሲመታቸው ሁለቱም አፈር ስለሚቀላቅሉ ሰዉ ሁለቱንም ቀዩ ወንዝ ይላቸዋል። የዘይነብ መንደር ከመሃላቸው ነው። መንግሥታቱ የተስማሙት ድንበሩ ቀዩ ወንዝ ይሁን ብለው ነው። ፈረንጁ የትኛው ነው ብሎ ጠየቀው። እሱም የኔን ልቅሶ አስቦ የሩቁን ጠቆመ፤ ፈረንጁም መነጽሩን ተክሎ አየ፣ ድንጋይ አስከመረ። ኢድሪስ እህቴን ወደኔ ያመጣት መስሎት ነበር። ያመጣት ግን ወደ ፈንጋዮቹ ነው።

"ድንጋዩን መመለስ አልችልም" አለኝ። "ሰዎቹን ግን እችላለሁ።"

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። የረጠበውን የልብሱን ጫፍ ጨመቀ። ከዚያ፣ ከኮረብታው ሴትዮ ጋር ትውያለሽ አለኝ። ለካ እኔ እሱን ስጠረጥር እሱም እኔን ይጠረጥር ነበር። አልተቆጣሁም፤ እሱ ሰው ሸጠ ብዬ ያመንኩ እኔ በምን አፌ እቆጣለሁ።

ስንመለስ ኢድሪስ ራሱ ለሐሚድ ነገረው። እኔ ፊት ነው የነገረው። ሐሚድ አንገቱን አቅፎ አለቀሰ፣ ትከሻውን ሳመው፣ አህያውን ሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥቂት ሳምንት ከዕድሜዬ ሁሉ ጥሩው ነው። ባሌ ሲወጣ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ስንቅ እቋጥርለታለሁ። ይህን የምናውቀው ከተሻጋሪዎቹ በቀር ሦስታችን ብቻ ነበርን። የሚሻገሩበትን ቀን ግን ከሦስታችን ሌላ የሚያውቅ አልነበረም፤ ተሻጋሪዎቹ እንኳ የሚነገራቸው በሚነሱበት ሰዓት ነው።

አንድ ቀን ግን ወታደሮቹ ማንንም መንገድ ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ወንዙ ዳር ደረሱ፤ ቀድመውትም ጠበቁት። ገባር ወደ ሌላ መንግሥት ያሸሻል ተብሎ ተያዘ። በሰንሰለት ሆኖ በዚሁ በባምባሲ መንገድ ወደ ደጋ ሲወስዱት ከጎኑ ሮጥኩ። አልቅሼ ስሙን ጠራሁት። "ግቢ፣ ሰው ያይሻል" አለኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልሰማሁም። አንዳንዱ በእስር ቤት ሞተ አለኝ፤ አንድ ነጋዴ ደግሞ በወለጋ በኩል በቅሎ ሲነዳ አየሁት ብሎ ማለልኝ። ሁለቱንም አላመንኩ።

ከያዙት ወታደሮች አንዱ የእትዬ አስካለ ባል ነበር። ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ሊሄዱ ሲሉ መጥታ አቀፈችኝ። ማን ነው የተናገረው ብዬ ለመንኳት። ባሏ እንዳልነገራት ማለች። ደግሜ ብለምናት ዓይኗን ወደ ሐሚድ ቤት ይሁን ወደ መንገዱ ይሁን ሳልለየው ላከችና፣ "ሐዋዬ፣ ሰው ማመን ቀብሮ ነው አላልኩሽም?" ብላኝ ሄደች። ያቺን ዓይን እየተረጎምኩ አረጀሁ።

ሐሚድ ከጎኔ ነው የኖረው። ዝናብ ሳይመጣ ጣሪያዬን ይከድናል፤ ለዒድ ሥጋ እልክለታለሁ። በቅሎ ሲገዛ በምን ገዛት ብዬ አሰብኩ፤ በቅሎዋ ስትሞት ተገላገልኩ። የኢድሪስን ስም አንድ ቀን አላነሳንም። መንግሥት ተለወጠ፣ ጣሊያን ገብቶ ወጣ፣ ያቺ ትልቋ ብር ቀርታ ወረቀት መጣ፣ ዋርካውን ቆረጡት። ዘይነብን በድንበር ገበያ ሳገኛት፣ የተናገረው ማን እንደሆነ አወቅሽ ትለኛለች፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ሩቂያ አልተመለሰችም። ዘይነብም ማዶ ሆና አረፈች።

ካቻምና ሐሚድ ታመመ። ሰዉ ወጥቶ ሁለታችን ስንቀር እንድቀርብ በእጁ ጠራኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አለኝ። "አልቆጣም። ለዚያች ለአስካለ የነገርሻት አንቺ ነሽ?"

መጀመሪያ የሚለው አልገባኝም። ሲገባኝ ወደ ኋላ ሸሸት አልኩ። "ይህን ሁሉ ዘመን እኔን ነው የምትጠረጥረው?"

"ከእሷ ጋር ትውዪ ነበር" አለ። "አንቺስ?"

"አንተን" አልኩት። "መሐላው ቀን ተነስተህ ተቀምጠሃል።"

መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሳሉ ሲተወው እንባው በጆሮው በኩል ይወርድ ነበር። እኔ አይደለሁም አለኝ። እኔም አይደለሁም አልኩት። እንግዲያስ ማን ነበር አለ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ፤ እኔም ጣሪያውን አየሁ፣ በየዓመቱ እሱ የከደነው ዓይነት ሳር ነው። እውነቱን ይሁን የሞት ፍርሃት ያናገረው ይሁን የማውቅበት መንገድ የለኝም። እሱም ስለኔ አልነበረውም።

ውሃ ፈለገ። በእኛ አገር ውሃ የሚሰጥ ሰው መርዝ አለበት እንዳይባል ቀድሞ ይቀምሳል፤ እናትም ለልጇ ስትሰጥ ትቀምሳለች። ቅሉን ወደ አፌ ሳቀርብ ሐሚድ እጁን ዘርግቶ ወሰደብኝ፣ ሳልቀምስለትም ጠጣ። ግማሹን ትቶ መለሰልኝ፤ የቀረውን እኔ ጠጣሁት።